የልዕልት ዓሣ

አቶ ሀብተ ሥላሴ የሚንቁት ነገር ተዘርዝሮ አያልቅም። ባጃጅ ይንቃሉ። ታጥፎ ኪስ የሚገባ ጃንጥላ ይንቃሉ። ቅዳሴ ሳያልቅ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ይንቃሉ። ከሁሉ በላይ ግን በፍልሰታ ጾም ዓሣ የሚበላ ሰው ይንቃሉ። ሐይቁ አፍንጫው ሥር ሆኖ «ዓሣ እኮ የጾም ነው» የማይል የባሕር ዳር ሰው ጥቂት ነው፤ እሳቸው ከጥቂቶቹ አንዱ ናቸው። ይህን የማያውቅ ሰው ዓባይ ማዶ ውስጥ አይገኝም፤ ሁሉንም ራሳቸው ነግረውታል።

ዘንድሮ ደግሞ ጾሙ የሚጾመው ለነፍስ ብቻ አልነበረም። የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበራቸው አዲስ ሙሴ ሊመርጥ ነው፤ ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ አለቃ ነው። ከፋብሪካው ጡረታ ከወጡና ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ አቶ ሀብተ ሥላሴ ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት ይህን ብቻ ነበር፤ ከቄስ ሀዲስ ጎን መቀመጥና ጽዋው ከመዞሩ በፊት ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «እንግዲህ ማኅበርተኞች» ማለት። ተወዳዳሪያቸው አቶ ብሥራት አንድ መዝሙረ ዳዊት በወጉ የማይደግም ሰው ነው። እሱንም ይንቁታል።

ግቢያቸው ውስጥ ያሉትን ሁለት ክፍሎች የተከራዩት ሊድያና ባሏ ኪሩቤል ናቸው፤ ከአዲስ አበባ የመጡ የኮሌጅ አስተማሪዎች። ልጅ የላቸውም። ድመት አላቸው፤ ስሟም ልዕልት ነው። የቀድሞ ድመታቸውን ባጃጅ ገጭቶ ስለገደለባቸው ይህችኛዋ ከደጅ አትወጣም፤ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ትጫወታለች። አቶ ሀብተ ሥላሴ ይህን ያወቁ ዕለት ማኅበር ላይ ተነሥተው፣ «ድመት የሚያጫውት ጎልማሳ ራሱ ሞግዚት ያስፈልገዋል» ብለው ነበር። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። በዕድሜያቸው ሰውን ያን ያህል አስቀው አያውቁምና ሣቁን ብዙ ጊዜ እያስታወሱ ኖሩ።

ጾሙ በገባ ሰሞን ሊድያ ቁልፍ ይዛ መጣች። እናቷ አዲስ አበባ ታማ ተኝታለች፤ ሁለቱም ሊሄዱ ነው።

«አባባ፣ ምግቧ ብቻ አይደለም» አለች። «ብቻዋን ስትሆን ይደብራታል። መጋረጃውን ክፍት ያድርጉላት፤ ዘይቱኑ ላይ የሚያርፉትን ወፎች እያየች ትውላለች። ቴሌቪዥኑ ላይም የወፍ ፊልም ጭኜላታለሁ። ምግቧን ካርቶኖቹ ውስጥ ደበቅ ያድርጉት፣ ፈልጋ ስታገኘው ደስ ይላታል። ማታ ማታ ደግሞ በዚህች ላባ ትንሽ ያጫውቷት።»

ላባው ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ በክር ታስሯል። አቶ ሀብተ ሥላሴ እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣታቸው ተቀበሉት። እሺ ያሉት አዝነው አይደለም፤ የታመመች እናቷን ልትጠይቅ የምትሄድን ልጅ በጾም እምቢ ማለት ለሙሴነት ዕጩ አይበጅም ብለው ነው። ጎረቤት «ድመቷስ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ግን «ይዘዋት ሄደዋል» አሉ።

መጀመሪያ ሁሉንም በራሳቸው ሕግ ሞከሩት። ቴሌቪዥኑን አጠፉ፤ መጋረጃውን ዘጉ፤ ምግቡን ሳህን ላይ ገልብጠው፣ «ድመት ነሽ፤ ድመት ሁኚ» ብለዋት ወጡ። ልዕልት የሶፋውን ልብስ ዘለዘለች፣ አበባውን ከነማስቀመጫው ጣለች፣ ሲነጋም ሲመሽም አለቀሰች። ለቅሶዋ እንዳይሰማ ቴሌቪዥኑን ከፈቱ፤ መጋረጃውንም ገለጡ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ጣራው እንደሚያፈስ ኪሩቤል ክረምቱ ሳይገባ ደጋግሞ ነግሯቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ «ክረምቱ ይለፍ» ብለውት ነበር። ውሃው ሌላ ቦታ አጥቶ የድመቷ ምግብ ከረጢት ላይ ወረደና ምግቡ ሁሉ ገንፎ ሆነ፤ ሻገተም።

ሊድያ በስልክ፣ «ምግቧ እዚያ አይገኝም፣ ከዚህ ነው ያመጣነው» አለች። «ሥጋ ቤቶቹም ለጾሙ ዘግተዋል። አባባ፣ እባክዎ ትንሽ ትንሽ ቆሮሶ ዓሣ ይግዙላት። ዓሣውን ቀቅለው እሾሁን ይልቀሙላት።»

በፍልሰታ፣ ሀብተ ሥላሴ፣ ዓሣ ገዢ። የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ የጠሉትም የናቁትም ወረሳቸው። ከሰፈር ርቀው ሐይቁ ዳር ወረዱ፤ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈን አድርገው፣ ዓሣ የሚያወጡትን ልጆች ዓይን ዓይናቸውን ሳያዩ ገዙ። በጋዜጣ ጠቀለሉት፤ ጋዜጣውን በጥቁር ፌስታል ከተቱት፤ ፌስታሉን ጋቢያቸው ሥር ደበቁት። ዓሣ ግን በጋቢ አይደበቅም። የባጃጁ ሹፌር ገና ሲገቡ አፍንጫውን ነፋ አድርጎ በመስታወቱ አያቸው። አስተያየቱ አናደዳቸው።

የቀቀሉትን ዓሣ ልዕልት አሽትታ ሄደች። «ሳትጫወት አትበላም» አለች ሊድያ በስልክ። አቶ ሀብተ ሥላሴ ላባውን አነሡና አወዛወዙ። ልዕልት ላባውን አየች፤ ቀጥላ እሳቸውን አየች፤ ቀጥላ መዳፏን መላስ ጀመረች። በሕይወታቸው ብዙ ሰው ንቀዋል፤ እንዲህ ሲናቁ ግን የመጀመሪያቸው ነው። የዓሣው ሽታ የጠራቸውን ዝንቦች ሊያባርሩ የፈረስ ጭራቸውን ከትከሻቸው አውርደው አንዴ ወዝወዝ ሲያደርጉት ድመቷ ከወለሉ ተነሥታ አየር ላይ ታየች። ይህች ጭራ ማኅበር ሲቀመጡ ጉልበታቸው ላይ የሚያጋድሟት የክብር ጭራ ናት። ደግመው ወዘወዟት። ልዕልት ደግማ ዘለለች፣ ተገለበጠች፣ ከሶፋው ሥር ሮጣ በሌላው በኩል ወጣች። ከዚያ ዓሣዋን ጥርግ አድርጋ በላች። አቶ ሀብተ ሥላሴ ደስ አላቸው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ ሆነው እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም፤ ወዲያው ግን ደስታቸውን ናቁት።

ንቀቱ በማግስቱ ከመሄድ አላገዳቸውም። ዓሣው ከሐይቅ ዳር መጣ፣ ተቀቀለ፣ ሸተተ። ሰፈሩም አሸተተ። ሴቶቹ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው፣ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» አሉ፤ ድመቷን ሳያስቡ ነው ያሉት። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ያሉም ነበሩ።

ከሁሉ የምትቀርባቸው ወይዘሮ የብርጓል ግን ምንም አላለችም። ቤቷ ከአጥራቸው ማዶ ነው። አምና በዚሁ ጾም ከቤቷ የዓሣ ሽታ ሸቷቸው፣ ማኅበር መሐል አስቁመው፣ «ጾም የፈታች እህት በመካከላችን ተቀምጣለች» ያሉት እሷን ነበር። ሴትዮዋ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ቀኖና ተሰጣት፣ ሰገደች፣ ጨረሰች። ያን ዝምታዋን እሳቸው የጥፋተኛ ዝምታ አሉት።

ማኅበሩ በሚሰበሰብበት ዋዜማ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አቶ ሀብተ ሥላሴ ነጠላቸውን አውልቀው፣ በሁለት ጉልበታቸውና በአንድ እጃቸው የሊድያ ቤት ወለል ላይ ሆነው፣ ጭራቸውን ከወንበር ሥር ያስወጣሉ፣ ያስገባሉ። «ነይ እንጂ የኔ ልዕልት፣ ነይ የኔ ወለላ» ይላሉ። ቀና ሲሉ መስኮቱ ላይ የብርጓል ቆማለች። ነፋስ አጥሩን ያሻገረባትን ነጠላ ልታነሣ የመጣች ናት። መጋረጃው ለወፎቹ ተብሎ እንደተከፈተ ነው። ሰውዬውን አየች፣ ጭራቸውን አየች፣ ድመቷንና የዓሣውን ሳህን አየች። ነጠላዋን አራግፋ ሄደች።

እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ነገሩን እንደ ሕግ ዐዋቂ አገላበጡት። ዓሣ በልቷል ከተባሉ ኃጢአት ነው፤ ኃጢአት ቀኖና አለው፣ ሰግደው ይወጡታል። ድመት ያጫውታል ከተባሉ ግን ሣቅ ነው። ሣቅ ቀኖና የለውም። ያን ሣቅ ደግሞ ራሳቸው ለማኅበሩ አስተምረውታል።

እሑድ ማኅበሩ ተሟልቶ ተቀመጠ። ቄስ ሀዲስ ጸሎቱን አሳርገው፣ ከምርጫው በፊት አንድ ነገር እናጥራ አሉ።

«አቶ ሀብተ ሥላሴ፣ ስምዎ ከዓሣ ጋር ተነሥቷል። እኔ በወሬ አልፈርድም። እርስዎ ይንገሩን።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ የብርጓልን አዩ። የብርጓል ጣሪያውን ታያለች። እውነቱ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር፤ አንድ ቃል ነው፣ «ለድመቷ» ማለት ብቻ። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ከሣቁ በኋላ ንጹሕ ናቸው። ጭራቸውን ጨበጥ አደረጉ።

«በልቻለሁ» አሉ። «ሥጋ ደካማ ነው።»

ቄስ ሀዲስ ኀዘን በገባው ድምፅ ስግደታቸውን ወሰኑላቸው። ሙሴነቱን አቶ ብሥራት ወሰደው፤ ገና ከመቀመጡም ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ «እንግዲህ ማኅበርተኞች» አለ።

መንገድ ላይ የብርጓል ደረሰችባቸው።

«ለምን ዋሹ?» አለች።

«አንቺስ አይተሽ የለም? ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?» ትንሽ ከሄዱ በኋላ ቀጠለች። «አምናም አልጠየቁኝም። ሸተተኝ ብለው ፈረዱ። ያን ዓሣ ያበሰልሁት ለሀቢባ ነበር፣ ለሰፈራችን ነጋዴ ሚስት። ወልዳ ተኝታለች፤ ያማራት ዓሣ ነው፤ እናቷ ወረታ ናት፤ ማን ያብስልላት? ልመስክር ብላ ለመነችኝ፤ አራስ ምስክር ልትሆንልኝ ከአልጋ አትነሣም አልሁ። ጠይቀውኝ ቢሆን እነግርዎ ነበር።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ ጭራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እኔም ላልበላሁት ሰገድሁ፤ እርስዎም ላልበሉት ይሰግዳሉ» አለች። «ልዩነታችን ምን መሰለዎ? እኔ በአራሷ አላፈርሁም። እርስዎ ያችን እንስሳ ‘የኔ ወለላ’ ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ዛሬ ካዷት። ዓሣ የበላ ሰው ከእርስዎ ይሻላል፤ ቢያንስ የወደደውን ነው የበላው።»

ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ አልተቆጣችም። ተራ ንቀት ነበር፣ እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ሲያድሉት የኖሩት ዓይነት። በሯን ከፍታ ገባች።

አቶ ሀብተ ሥላሴ ግቢያቸው ገብተው የሊድያን በር ከፈቱ። ልዕልት መስኮቱ ላይ ተቀምጣ ዘይቱኑ ላይ ያሉትን ወፎች ታያለች፤ በእጃቸው የያዙትን ጭራ ስታይ ዘልላ ወረደች፣ እግራቸው ሥርም መጥታ ጆሮዎቿን ቀሰረች። አቶ ሀብተ ሥላሴ ጎንበስ ሊሉ አሉና ቀና አሉ። ወደ መስኮቱ ሄደው የአጥሩን ማዶ አዩ፤ ማንም አልነበረም። መጋረጃውን እስከ ጫፉ ስበው ዘጉት፣ ከዚያ ተንበርክከው ጭራቸውን ወዘወዙ።

ልዕልት የተዘጋውን መጋረጃ አየች፤ እሳቸውን አየች። ጀርባዋን ሰጥታቸው ተኛች።