ከጉሙ ውስጥ አቤት ያለው

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቋሪት ሲወጡ፣ ደጋው ሊጀምር ሲል፣ ከመንገዱ በስተግራ ቀርጨም የሚባል ሐይቅ አለ። ሐይቅ ይባል እንጂ ትልቅ አይደለም፤ በዚህኛው ዳር የቆመ ሰው በወዲያኛው ዳር የሚያርሱትን በሬዎች በቀለማቸው ይለያል። በአንዱ ወገን እንደ ሸምበቆ የረዘመ ፊላ በቅሎበታል። በሌላው ወገን ጥቁር ገደል ቀጥ ብሎ ወርዶ ውሃው ውስጥ ይገባል። በሁለቱ መካከል ባለችው ሜዳ ላይ የቀዘፋ ክበቡ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ሠርቶ፣ ከፊት ለፊቷ ለድንኳን የሚሆን ቦታ ደልድሎ፣ አባላቱ ቁልፉን በተራ እየወሰዱ ይገለገሉበታል።

የጋራ ቤት ነውና ሕግ አለው። ገብቶ የሚያድር ሰው ያነደደውን ያህል ፍልጥ ተክቶ ይሄዳል፣ መቅዘፊያውን መስቀያው ላይ ይመልሳል፣ ጀልባዎቹን ይደፋል። ጓጉንቸሩ ከመቆለፉ በፊት ቁልፍ ያዡ የሁሉንም ስም ይጠራል፤ ሁሉም አቤት ይላል። በሩ ላይ ደግሞ በቀይ ቀለም «ውሃ ላይ ሲጠሩህ መልስ» ተብሎ ተጽፏል።

መስቀል ካለፈ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ቁልፉ የደረሰው በፍኖተ ሰላም መድኃኒት ቤት ለምትሠራው ለምሥራቅ ነበር። አብረዋት የመጡት እጮኛዋ ናሁሰናይና የቡሬዋ ጓደኛዋ ሜላት ናቸው። ናሁሰናይ የሂሳብ መምህር ነው። ተወልዶ ያደገው ገበዝ ማርያም ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ድረስ በዲቁና አገልግሏል። ሜላት ዳኛ ፊት ቀርባም ቢሆን ሳቋን የማትይዝ ልጅ ናት።

ምሳ ሲደርስ ምሥራቅ ከምድጃው አጠገብ ሆና ናሁሰናይን ጠራችው። ከቤቱ ጀርባ ፍልጥ ሲፈልጥ ይሰማታል፤ መልስ ግን የለም። ደግማ ጠራችው። ሠለሰች። በመጨረሻ ማማሰያዋን እንደያዘች ዞራ ሄደችና ፊቱ ቆመች።

«ደንቆሮ ነህ ወይስ ንቀት ነው?»

«ሰምቻለሁ» አለ መጥረቢያውን አስደግፎ።

«ታዲያ አቤት አይባልም?»

«እናቴ ፊቱን ላላየኸው ሰው አቤት አትበል ብላ ነው ያሳደገችኝ። ስም ጠሪው ብዙ ነው ትላለች።»

ሜላት ከደጃፉ ሆና ጣልቃ ገባች። «ስልክ ሲደወልልህስ?»

«ስልክማ የጠሪውን ስም ያወጣል።»

ሜላት አፍንጫዋን በጣቷ ይዛ የስልክ ድርጅቱን ሴትዮ ሆነች። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም! ምሥራቅዬ፣ ይህን ነው እንግዲህ ለዕድሜ ልክ የምትደውዪለት?»

ናሁሰናይ ሳቀ። ምሥራቅ አልሳቀችም። ሠርጋቸው ለጥር ተቆርጧል፤ በቁርባን ነው፤ መፍታት የለም። ከተዋወቁ ጀምሮ ይህ ሰው ከሌላ ክፍል ተጠርቶ በመጀመሪያው ጥሪ መልሶላት አያውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ ግድግዳ ስትጠራ ታያት።

«በሩ ላይ የተጻፈውን አንብበሃል» አለችው። «እዚያ ውሃ ላይ ስጠራህ ትመልስልኛለህ። ቃልህን ስጠኝ።»

ፊቷን አየና ሳቁን ተወ። «ለአንቺ ስል እሞክራለሁ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ትንሽ ዘነበና አባራ። ናሁሰናይ የተደፋ የአንድ ሰው ጀልባ አቃንቶ፣ ላይፍ ጃኬቱን አጥልቆ፣ ብቻውን ገባ። ውሃው ጸጥ ብሎ ነበር። መሃል ሲደርስ መቅዘፊያውን አነሳላቸው። ሁለቱ ሴቶች የምሳውን ዕቃ አጥበው ቀና ሲሉ ገደሉ የለም። ጉም እንደ ወተት እየፈሰሰ ወርዶበታል። ብዙም ሳይቆይ ፊላውም ጠፋ፤ ዳር የተደፉት ጀልባዎች ራሳቸው ብዥ አሉ።

ምሥራቅ እግሯ ውሃ እስኪነካ ወረደችና «ናሁሰናይ!» ብላ ተጣራች።

«አቤት!»

ከፊላው ወገን ነበር። የእሱ ድምፅ፣ ጥርት ያለ። ደስታ ከእግሯ እስከ ራሷ ወረራት። ቃሉን ጠበቀ።

«ኧረ ጉድ፣ መስመሩ ተቀጠለ!» አለች ሜላት።

ጀልባ ፊላ ውስጥ ከገባ ሥሩ ይይዘዋል፤ ክበቡ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ምሥራቅ እጆቿን በአፏ ዙሪያ አድርጋ «ከፊላው ውጣ! ወደ ገደሉ በኩል ቅዘፍ!» አለችው።

«አቤት!»

ጠበቁት። የመቅዘፊያ ድምፅ አልነበረም። ጉሙ ወፈረ፤ ብርሃኑም መድከም ጀመረ። እንደገና ተጣራች፤ ወዲያው «አቤት!» አለ፤ ከዚያው ቦታ፣ ሳይቀርብ ሳይርቅ።

«ደህና ነህ?»

«አቤት!»

«ጀልባው ተያዘብህ ወይ?»

«አቤት!»

«ምን ሆኖ ነው ሌላ ቃል የጠፋው?» አለች ሜላት። በዚህ ጊዜ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ አልነበረም።

ምሥራቅ ጆሮዋን ወደ ፊላው አዘነበለች። ያስደሰታት መልስ አሁን አጠራጠራት። ሊሞክርላት ይችላል፤ ቃል ሰጥቷታል። ነገር ግን ሲሞክር ያመነታል፣ ይዘገያል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ይህኛው ግን ስሙ ከአፏ ሳይወጣ የሚመልስ ይመስል ነበር።

ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ወደ ውሃው ዞራ «ሜላት!» ብላ ተጣራች።

ሜላት አጠገቧ ናት፤ ክንዷ ክንዷን ይነካል። ምን ሆንሽ ልትላት አፏን ከፈተች። ከአፏ ቃል ሳይወጣ ከፊላው ውስጥ የራሷ ድምፅ፣ ያ መጨረሻው ላይ ሊስቅ የሚል የቡሬ ድምፅ፣ «አቤት!» አለ።

ሜላት የምሥራቅን ክንድ በሁለት እጇ ጨበጠች።

«ስም አትጥሪ» አለቻት ምሥራቅ በሹክሹክታ። «የማንንም።»

ከዚያ በኋላ ነው ያደረገችው ነገር የታያት። ወደ ገደሉ ቅዘፍ ብላዋለች። የፊላው ድምፅ የእሱ ካልሆነ እሱ የነበረው ወዴት ነበር? የገደሉ ውሃ ጥቁርና ቀዝቃዛ ነው፤ ከአለቱ ሥር ወደ ውስጥ ይስባል ይባላል። በክረምቱ አንድ የክበቡ ጀልባ እዚያ ተሰብሮ እንጨቱ ብቻ ተመልሷል። ዝም ብትል በጉምና በጨለማ መካከል ይቀራል። ብትጠራው እሱ አይመልስም፤ ሌላው ይመልሳል።

ሮጣ ድስቱን አምጥታ በማማሰያ ደበደበችው። ገደሉ ድምፁን ተቀብሎ በታተነው፤ ከሁሉም አቅጣጫ ድስት የሚደበደብ መሰለ። ጣለችው።

ፊቱን ላላየው ሰው አይመልስም። ይህን ደጋግማ በልቧ አለችው። ፊቱን ላላየው አይመልስም። ይህ ሰው ፊት ሳያይ የመለሰለት ድምፅ በዓለም ላይ የለም ወይ?

አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ፣ በየሰንበቱ። መቅደሱ ውስጥ መጋረጃው ተጋርዶ፣ ካህኑም ዲያቆኑም ሳይታዩ ድምፃቸው ብቻ ይወጣል፤ ከውጭ የቆመው ሕዝብ የማንንም ፊት ሳያይ በአንድ አፍ ይመልሳል። እሷም በሴቶች በኩል ቆማ ትመልሳለች። የዲያቆኑን ጥሪ ግን በአፏ ብላው አታውቅም፤ የሴት አይደለም። ነጠላዋን አጣፋች።

«ተንሥኡ ለጸሎት!»

ዜማው መሃል ላይ ተሰበረባት። ጉሙ ዋጠው። ከፊላው ወገን ምንም አልተሰማም። ፊላው ዝም አለ፤ እስካሁን ለሁሉም ነገር ሲመልስ የነበረው ፊላ ዝም አለ።

ከዚያ ከገደሉ በኩል፣ ከሩቅ፣ እንደ ክር የቀጠነ ድምፅ በዜማ መጣ።

«እግዚኦ ተሣሀለነ…»

ምሥራቅ እንባዋን ሳትጠርግ እንደገና ጮኸች። ሌላ አታውቅም፤ ያንኑ ደጋገመችው። እሱም ያንኑ መለሰ። ከአንዱ ጥሪ ወደ ሌላው ድምፁ እየወፈረና እየቀረበ መጣ። ሜላትም ከሕዝቡ ወገን ሆና አብራው መመለስ ጀመረች፤ ዜማውን እያበላሸች፣ ግን ሳታቋርጥ። በመጨረሻ መቅዘፊያ ውሃ ሲመታ ተሰማ፤ የጀልባው አፍንጫም ጉሙን ሰንጥቆ አሸዋው ላይ ወጣ።

ምሥራቅ ስሙን አልጠራችም። ውሃው ውስጥ ገብታ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። ግንባሩ ተጭሯል፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። እሱም እሷን አየ፤ ረዘም አድርጎ፣ ልክ ሊያረጋግጥ እንደሚፈልግ ሰው።

እሳቱ ዳር ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሻይ ከጨበጠ በኋላ ነው የተናገረው።

«ስትጠሪኝ ሰማሁሽ። ቃል ሰጥቼ የለ፣ ልመልስ አፌን ከፈትኩ። ከፊላው ውስጥ እኔ ራሴ መለስኩ።» ሻዩን አየ። «ወደ ገደሉ ስትዪ ድምፁ ያንቺ ስለሆነ ታዘዝኩ። ድንጋዩን በግንባሬ አገኘሁት። ውሃው ከሥር ይጎትት ነበር። በእጄ አለቱን ይዤ ቀረሁ። አንቺ ትጠሪያለሽ፣ እኔ እዚያ ማዶ እመልሳለሁ። ኋላ ላይ የትኛው እኔ እንደሆንኩ…»

ሜላት ተነስታ በሩን በመወርወሪያ ዘጋችው። ሌሊቱን ሦስቱም ከእሳቱ አልራቁም፤ ሲነጋገሩም በዓይን እየተያዩ እንጂ በስም አልተጠራሩም።

ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ገደሉም ፊላውም በቦታቸው አሉ፤ ውሃው ላይ ዳክዬዎች ይዋኛሉ። ናሁሰናይ ያነደዱትን ያህል ፍልጥ ደረደረ፣ ሜላት መቅዘፊያዎቹን ሰቀለች። ምሥራቅ ከምድጃው ከሰል አነሳችና በሩ ላይ ካለው ቀይ ጽሑፍ ሥር «ፊቱን ካየኸው» ብላ ጨመረችበት። ጓጉንቸሩን ስትይዝ ስም መጥራት ነበረባት። አልጠራችም። የሁለቱንም ትከሻ በየተራ ነካችና ቆለፈች።

«አለሁ» አለች ሜላት ቀስ ብላ፤ ቀልድ ሊሆን ነበር፣ አልሆነላትም።

ዳገቱን ያዙት። ሜላት ከፊት፣ ናሁሰናይ ድስቱንና ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ከመሃል፣ ምሥራቅ ከኋላ። አጋማሹ ላይ ሲደርሱ፣ ከበስተኋላዋ፣ ከታች ከውሃው በኩል፣ «ምሥራቅ!» ሲል ሰማችው። ጥሪው የለመደችው ነበር፤ እሷን በዚያ አኳኋን የሚጠራት አንድ ሰው ብቻ ነው።

አፏ ሊከፈት ደርሶ ጥርሷን ነከሰች።

ከፊቷ የሚሄደው ናሁሰናይ እግሩን ገታ። ሸክሙን አወረደ፤ ዞረ፤ ፊቱን በሙሉ አሳያት። ከንፈሮቹ ገጥመዋል። እጁን ዘረጋላት፤ ያዘችው። ድምፁ ደገመ። ሁለቱም እየተያዩ ዝም አሉ፤ ከዚያ ወደ መንገዱ ወጡ።