የባንክ ፈተናና የድንች ማሳ

ወሰንየለሽ በፋይናንስ ከተመረቀች ሦስት ዓመት ሆናት፤ ሥራ ግን ከየት ይምጣ! በመጨረሻ አንድ ባንክ ደብረ ማርቆስ ላይ ሊፈትን መሆኑን ሰማችና ሮብ ገበያ አጠገብ ካለው የአባቷ ቤት ተቀምጣ ጥናት ጀመረች።

አባቷ አቶ ባዘዘው በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። በእሳቸው ቤት ትምህርት ማለት ጮኾ ማለት ነው። «አፍሽን ዘግተሽ ምኑን ልትይዢው ነው? ጮክ በይ እንጂ!» ይሏታል። እሷም ጥያቄና መልሱን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለሰች ጮክ ትላለች፤ እሳቸው ሞፈር እየጠረቡ ይቀበሏታል። ሌላውን ባይዙትም አንዷን ያዟት፤ «ስጋቱ ከፍ ያለ እንደሆነ ትርፉም ከፍ ይላል።» ወይ አለመታደል! ከዚያ ሁሉ ጥያቄ ይቺን መያዝ?

ድሮ መሬታቸውን ከፋፍለው ነበር የሚያርሱት፤ ገብሱን ለቤት፣ ድንቹን ለገበያ። ድንች ከያዘ ያበለጽጋል፣ በሽታ ከገባበት ግን ባዶ እጅ ያስቀራል፤ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ያን ዓመት ግን በሚያዝያ ማሳውን በሙሉ ድንች ተከሉበት። ሚስታቸው ያለምወርቅ «ኧረ ሰውዬ፣ ምን ልንበላ ነው?» ብትል፣ «ልጅሽ ያነበበችውን አልሰማሽም?» አሏት። ለእሳቸው የተጻፈ ቃል ይደገማል እንጂ አይጠየቅም፤ እንዲያ ነው ያደጉት። ወሰንየለሽም ሰማች። እውነቱን ለመናገር ደስ አላት፤ ከተመረቀች ወዲህ ትምህርቷ ለአንድ ነገር ሲውል ይህ መጀመሪያው ነበር።

ድንቹ በተተከለ በሳምንቱ ቀጣዩን ገጽ ገለጠች። ከፍ የሚለው የሚጠበቀው ትርፍ ነው፤ ዋስትና ግን የለውም፤ ያለውን ሁሉ አንድ ነገር ላይ ያዋለ ሰው ሙልጭ ብሎ ሊቀር ይችላል ይላል። ልቧ ድንግጥ አለ። ራሴን አሞኛል ብላ ያን ቀን በለሆሳስ አነበበችው። ምናልባት ይቀና ይሆናል፤ ማን ያውቃል?

አልቀናም። በሐምሌ ዝናቡ አላቋርጥ፣ ጉሙ አልነሣ አለና የድንቹ ቅጠል ጠቆረ፤ ሲቆፈር እጅ ላይ የሚፈርስ፣ የሚከረፋ ነገር ሆነ።  ወሰንየለሽ ያን ገጽ ዳግመኛ አልገለጠችውም።

በመስከረም ተፈተነች። ያው የስጋቱና የትርፉ ጥያቄ መጣ፤ መልሱን እያወቀችው ለመጨረሻ አቆየችው። በማግስቱ ወደ ቤት ስትመለስ አባቷን መንገድ ላይ አገኘቻቸው፤ ካሏቸው ሁለት በሬዎች አንዱን ወደ ገበያ እየነዱ ነበር።

«ምን ሊያደርጉት ነው አባዬ?»

«እሸጠዋለሁ። ገሚሱን ለቀለብ፣ ገሚሱን ለድንች ዘር። አምና ባይሰጥ ዘንድሮ ይሰጣል፤ ቃሉ እንደሁ አይዋሽም።»

ከዚህ በላይ መቻል አቃታት። «ተዉ አባዬ፣ ድንቹ ይቅርብዎ! እኔ ነኝ ያጠፋሁ። ቀጣዩ ገጽ ላይ ሌላ ነገር ነበረ፤ ሁሉን አንድ ነገር ላይ አታውል ይላል። አንብቤው ዝም አልሁ።»

አቶ ባዘዘው በሬውን አቆሙ። «መቼ ነው ያነበብሽው?»

«ድንቹ በተተከለ በሳምንቱ።»

ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ምነው በተቆጧት! «ያኔማ የገብስ ጊዜ አላለፈም ነበር» አሉ። «ግማሹን ገልብጬ ገብስ እዘራበት ነበር።»

ከዚያ በሬውን ነዱት። የድንች ዘሩ ቢቀር ቀለቡ አይቀርም፤ መሸጡ ያው ነበር። ወሰንየለሽ መንገዱ መሐል ቆማ ቀረች።