ሁለት ጊዜ የታየው እግር

የሐኪሙ ሐሙስ በደረሰ ቁጥር እናትየዋ ሻሻቸውን ይቀይራሉ። ለሐኪሙ ብለው ቢሆን ልብስ ሰፊዋን ትልቅ ልጃቸውን ምንም ባልከፋት ነበር። የሚቀይሩት ግን ለጩጬ ነው።

ጩጬ የልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህት ናት። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በሌላ ከተማ የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ታስተዳድራለች፤ ቢሮ ስትገባ ሃያ ሰው ከመቀመጫው ብድግ ይልላታል። ቤተሰቡ ዘንድ ግን ጩጬ እንደተባለች ቀረች። የእናቷን ስኳር በስልክ የሚከታተል ሐኪም ያገኘችው እሷ፣ ባለትልቅ ስክሪኑን ስልክ ገዝታ የላከችው እሷ፣ ሂሳቡንም የምትከፍለው እሷ ናት። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ይጠራል፤ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ከላይ ሐኪሙ፣ ከታች ጩጬ ከነቢሮዋ ብቅ ይላሉ።

ስልኩን የምትይዘውን ማን ይቁጠራት? ልብስ ሰፊዋ ሁልጊዜ ከስክሪኑ ጀርባ ናት። ሐኪሙ “ትንሽ ወደ ብርሃኑ” ሲላት ወደ ብርሃኑ፣ “ዝቅ አድርጉልኝ” ሲላት ዝቅ። የእናቷን ጣት ወግታ ስኳሩን የምትለካ፣ የክንዳቸውን ማሰሪያ ነፍታ የደም ግፊቱን የምታነብ፣ ሆዳቸውን “እዚህ ጋ ጫን፣ እዚያ ጋ ላላ” እየተባለች የምትዳስስ እሷው ናት። የሐኪሙ እጅ ሆናለታለች፤ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አይቶት አያውቅም። ስልክ የሚይዝ ሰው ፊት የለውም።

እናትየዋ ታናሽ ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው ይፈካል። “በላሽ ወይ? ከሳሽብኝ እኮ። ያ መስኮት አሁንም ብርድ ያስገባል?” ይላሉ። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ትዕግሥተኛ ነው፤ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። አጠገባቸው ቆማ ክንዷ እስኪዝል ስልክ የተሸከመችውን፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ትቅመስ አትቅመስ የጠየቃት የለም። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም፤ ልብስ ሰፊዋም የቁልምጫ ስም ልታወጣለት አልሞከረችም። ጩጬ የተወለደች ሰሞን፣ ያኔ እሷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ሕፃኗን አሳቅፈዋት “እስኪ እህትሽን ሳሚ” ቢሏት፣ “መቼ ነው የምትሄደው?” ብላ ቤቱን አሥቃለች። ጩጬ አድጋ፣ ተምራ፣ በሃያ ሦስት ዓመቷ ሄደች። ሄዳም አልሄደችም።

የሂሳቡ ዝርዝር ድሮ ለከፋይዋ ብቻ ነበር የሚላከው። አንድ ቀን በስህተት ይሁን በአዲስ አሠራር፣ እቤት ባለው ስልክም ገባ። ልብስ ሰፊዋ ካውያዋን አቁማ፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ ማንበብ ጀመረች። ለምክክር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። ከዚያ በላይ ለተጨመረ፣ ዘጠኝ ደቂቃ። ዘጠኙ ደቂቃ “በላሽ ወይ” እና የመስኮቱ ብርድ መሆኑን ታውቃለች፤ እናቷ ለጩጬ የሚያወጡት ፍቅር በደቂቃ ተሰልቶ፣ ዋጋ ወጥቶለት ሲመጣ አየችው። ለእሷ የወጣ አንድ ደቂቃ የለም። ይሁን ብላ ወደ ታች ማንበቧን ቀጠለች። ከታች “የታካሚዋ አስታማሚ” ይላል፤ ከአጠገቡ የጩጬ ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ተሞልቷል።

አስታማሚ። ሌሊት ለሽንት የምታነሳቸው፣ ክኒናቸውን በልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮ የጠዋት የማታ ብላ የምትለይ፣ እግራቸውን ማታ ማታ ለብ ባለ ውሃ አጥባ በጣቶቻቸው መሃል ሳይቀር የምታደርቅ ማን ሆነችና? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ያን ቀን ወረቀቱ የጩጬን ስም ያዘ፣ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ወረቀቱን ያዘች።

“በጨው ደንደስ በርበሬ ተወደስ” አለች፤ የሚሰማት የስፌት መኪናዋ ብቻ ነበር።

ደውላ ብትጠይቅ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። አልጠየቀችም። ቂም የያዘ ሰው መልስ ይፈራል፤ መልሱ ደህና ከሆነ ያን ሁሉ ቂም የት ያስቀምጠዋል? ይልቅ በሆዷ እያገላበጠች ሁለት ሳምንት ሰፋችበት። የሰው ሱሪ ዚፕ አጣማ እስከ መግጠም ደረሰች፤ በሃያ ዓመት ሥራዋ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም።

ሐኪሙ የሚደውልበት ሐሙስ ዋዜማ፣ ረቡዕ ማታ፣ የእናቷን እግር ስታጥብ በቀኝ ተረከዛቸው ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ቀይ ውሃ የቋጠረች ነገር አየች። ቀኝ እግራቸው ስኳሩ ካደነዘዘው ቆይቷል፤ ቢቃጠልም ቢወጋም አይሰማቸውም። እጇ ቆም አለ።

“ምነው?” አሉ እናትየዋ።

“ምንም፣ እማዬ። ውሃው ቀዝቅዞ ነው።”

የስኳር በሽተኛ እግር ላይ የወጣች ነገር ለነገ እንደማትባል ታውቃለች፤ ሐኪሙ እየደጋገመ ነግሯታል። ለነገም አላለችም። ነገ ሐሙስ ነው፣ በጠዋቱ አሳየዋለሁ ብላ ተኛች። እስከዚያ ድረስ ሐሳቧ ንጹሕ ነበር፤ ይሄ ይታወቅላት።

ሐሙስ ጠዋት እናትየዋ “ያችን ጩጬ የላከችልኝን ሻሽ አምጪልኝ” አሉ። አመጣች። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ስልኩ ጠራ፤ ሁለቱ ብቅ አሉ። ስኳሩ ተነበበ፣ ግፊቱ ተነበበ። ሐኪሙ ደስ አለው።

“አስታማሚዋ በጣም ጥሩ እየያዙልን ነው” አለ፤ ዓይኑ ወደ ጩጬ ነበር። “እግራቸውንስ በየቀኑ እያያችሁ ነው?”

“አዎ ዶክተር፣ እናያለን” አለች ጩጬ፣ አንድ ወረቀት ላይ እየፈረመች።

እናያለን። ልብስ ሰፊዋ ደሟ ፈላ። በየትኛው ዓይኗ ነው የምታየው? ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ማዶ ሆና፣ እስክሪብቶ በእጇ ይዛ፣ እናያለን።

“እስኪ ዛሬም እኔ ልያቸው። መጀመሪያ ግራውን” አለ ሐኪሙ። ልብስ ሰፊዋ አልጋው እግርጌ በርከክ ብላ የግራውን ተረከዝ አነሳች፤ አስጠግታ አሳየችው። “ጥሩ። አሁን ቀኙን።”

የግራውን እግር አስቀመጠችው። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ያንኑ የግራውን እግር መልሳ አነሳችው፤ ጣቶቹ እንዳይታዩ ስልኩን ተረከዙ ላይ አስጠግታ ያዘች።

“ሁለቱም ንጹሕ ናቸው” አለ ሐኪሙ፣ እየጻፈ። “በርቱ።”

ያሰበችው ቀላል ነበር። ነገ ዓርብ እናቷን ራሷ ወደ ሰፈሩ ጤና ጣቢያ ትወስዳለች፤ ነርሷ ታክምላታለች፤ ከዚያ ለጩጬ ትደውላለች። “ያ በደቂቃ የምትከፍይው ሐኪምሽ አየሁ ብሎ ያለፈውን ቁስል እኔ አገኘሁት” ትላለች። አንድ ቀን ብቻ ነው የምትበደረው። ለአንድ ቀን ምን ይሆናል?

ዓርብ ጠዋት ዩኒፎርም የምትሰፋለት ትምህርት ቤት የግዢ ሠራተኛ መጣ። አርባ ዩኒፎርም ኪስ ሳይገባለት ተረክቦ ኖሮ፣ ለሰኞ ካላደረሰች ውሉ እንደሚፈርስ ነገራት። እስኪመሽ ኪስ ሰፋች። ቅዳሜ ጤና ጣቢያው በር ላይ ደርሳ ነርሷ ለሥልጠና መሄዷን ሰማች። ቁስሉን በጨው ውሃ አጥባ በንጹሕ ጨርቅ አሰረችው። ያኔም ሐኪሙ ዘንድ መደወል ትችል ነበር። ግን ብትደውል ሐሙስ ለምን አላሳየሽም ይባላል፤ አንድ ቀን የተበደረ ሰው ሁለተኛውን መበደር አያቅተውም። እሑድ ጠዋት እናትየዋ በትኩሳት ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ጨርቁ ሲፈታ ተረከዙ ጠቁሯል፤ ይሸታል።

ከተራ ውጪ ለሚደረግ ጥሪ ሂሳቡ እጥፍ ነው፤ ከፋይዋ እስክትፈቅድም ሐኪሙ አይቀርብም። ጩጬ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ፈቀደች፤ በታችኛው ስክሪን ላይ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ፣ በሌሊት ልብሷ ታየች። ቀጥሎ ሐኪሙ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ቀኝ እግራቸውን አነሳች። ሐኪሙ አየ፣ መዝገቡን ገለጠ።

“ሐሙስ ዕለት ሁለቱንም አይቻለሁ። ንጹሕ ናቸው ብዬ ጽፌአለሁ” አለ ቀስ ብሎ።

“እንዴት ነው ያዩት?” አለች ጩጬ። በባንክ ቤት ድምጿ ጀምራ መሃል ላይ ተሰበረባት። “ደቂቃ ቆጥራችሁ ታስከፍሉኛላችሁ፤ አንድ ተረከዝ ማየት አቃታችሁ? አቤት እላለሁ። ነገ ጠዋት አለቃዎ ዘንድ ነኝ።”

ሐኪሙ አልተከራከረም። “ይህን የሚያህል ነገር በሦስት ቀን ብቻ አይመጣም። ያመለጠኝ ነገር አለ ማለት ነው። ጥፋቱን እኔ እወስዳለሁ፤ የሐሙሱም ሂሳብ ይሰረዝልዎታል።”

ጩጬ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። “ጥፋቱ የኔ ነው። እትዬ፣ አንቺ አጠገቧ ሆነሽ ትለፊያለሽ፤ እኔ እዚህ ተቀምጬ በስልክ የማድናት መሰለኝ። አንቺ ባትኖሪ ምን ትሆን ነበር?”

ልብስ ሰፊዋ የተመኘችውን ሁሉ በአንድ ጠዋት አገኘች። ሐኪሙ ተሳስቷል ተባለ፤ ጩጬ አለቀሰች፤ ያለ አንቺ ምን ትሆን ነበር ተባለች። ዝም ብትል ሁሉም የእሷ ነበር። ከዚህ በኋላ ማንም የእናቷን አስታማሚ ስም ለመጻፍ እጁን አያነሳባትም። ልጁ ሐኪም ግን ስክሪኑ ላይ አንገቱን ደፍቶ፣ ያላየውን እግር ለማስታወስ እየሞከረ ነበር። አንጀቷ አልቻለም። ስልኩን አዙራ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ፊት ላይ ያዘችው።

“ዶክተር፣ እርስዎ አላጠፉም። ሐሙስ ዕለት ያሳየሁዎት ግራውን ነው። ሁለት ጊዜ።”

ሐኪሙ ከመዝገቡ ቀና አለ።

“ለምን?” አለች ጩጬ።

“አስታማሚዋ አንቺ ነሽ ተብሎ ተጽፏል። እንግዲያው ታስታምም ብዬ ነው።”

ጩጬን ነገሩ የገባት ቆይቶ ነው። “ሂሳቡ ላይ? የከፋዩን ስም ከሞላሁ በኋላ ቅጹ የአስታማሚውን ቦታ ባዶ አላሳልፍ ሲለኝ ነው እኮ። ሥራ ላይ ነበርኩ። ስሜን ደግሜ ጻፍኩና አለፍኩ።”

“ይሄን በኋላ ትነጋገሩበታላችሁ” አለ ሐኪሙ። “አሁኑኑ ሆስፒታል መድረስ አለባቸው። እግሩ የሚተርፍ ይመስለኛል፣ ግን በሰዓት ነው። ደውዬ ልንገራቸው፤ ስልኩን እንዳትዘጉት።” የላይኛው ስክሪን ባዶ ወንበር ሆነ። በጥጉ የደቂቃው ቁጥር መሮጡን አላቆመም።

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን አልጋው ላይ ጣል አድርጋ በርከክ አለች፤ ቁስሉን በአዲስ ጨርቅ ማሰር ጀመረች። ቀና ብላ የእናቷን ፊት ለማየት ድፍረቱ አልነበራትም።

“አውቄ ነበር” አሉ እናትየዋ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ።

“ምኑን?”

“ረቡዕ ማታ ስታጥቢኝ ፊትሽን አይቻለሁ። አንድ ነገር እንዳለ አውቄያለሁ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ የደነዘዘው ቀኙ ነው እንጂ ግራዬ ደህና ነው፤ ሁለቴ ስታነሺው ተሰማኝ።”

“ታዲያ ምነው ዝም አልሽ፣ እማዬ?”

“ሐኪሙ ያያል፣ ታናሽሽ ታያለች። በሰው ፊት ውሸታም ላደርግሽ ነው? እግሬ ምን ቢሆን አንቺን አዋርዳለሁ?” ትንፋሻቸው አጠራቸውና አረፍ አሉ። “የራስሽን ምክንያት ይዘሻል ብዬ ተውኩት። ምክንያቱን ደግሞ አላጣሁትም። ስለ አንቺ ሳልጠይቅ መኖሬን አውቃለሁ። አንቺ አጠገቤ ነሽ፤ አጠገብ ያለ ሰው ይጠየቃል እንዴ ብዬ ነው።”

ልብስ ሰፊዋ የጨርቁን ጫፍ እንደያዘች ቀረች። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ቃል ይሄ ነበር፤ በእናቷ እግር ዋጋ እንደሚመጣ ግን አላወቀችም። እንባዋ ቁስሉ ላይ እንዳይወርድ ፊቷን ወደ ጎን አዞረች።

አልጋው ላይ የተጣለው ስልክ ወደ ጣሪያው እያየ ነበር። ጩጬ ከውስጡ ሁሉንም ሰምታለች።

“ለኔ ቢሆን ዝም አትዪም ነበር” አለች። ማንንም ለመውቀስ አልነበረም፤ ለራሷ የምታወራ ትመስል ነበር። “የኔን ጥፋት አንድ ቀን ሸፍነሽልኝ አታውቂም፣ እማዬ። ለኔ እንግዳ እንደምትቀበዪ ነው ሻሽ የምትቀይሪው። እግርሽን የሰጠሽው ግን ለእሷ ነው።”

ልብስ ሰፊዋ ያንን ድምፅ ለየችው። አርባ ሁለት ዓመት በገዛ ሆዷ ውስጥ ስታዳምጠው የኖረችው ድምፅ ነበር።