የእቴ ዓዲላ ጀሪካን

«ልጅሽን ኢማንን ጥሪልኝ» አሉ እማማ ፋጡሜ፣ ከሰሌኑ ሳይነሱ። «ከሰንበቴና ከጨፋ ሮቢት ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ገብቷል። ከአዲስ አበባም ገና ይመጣል። በርሜሉ ባዶ ነው።»

ዘይና የያዘችውን የንፍሮ ሰፌድ አስቀመጠች። «ኢማን ፈተና አለባት፣ እማማ። የስምንተኛ ክፍል።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ። በሦስት ሰዓት ይገባሉ።»

«ፈተና ለከርሞም አለ። እህቴ ግን ሁለቴ አትሞትም።»

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ ወደ ዘይና ዞሩ። ዓዲላ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ባሏ የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩ ናቸው፤ አዲስ አበባ ሊቀብሯት የፈለጉ ብዙ ነበሩ። እሷ ግን ከሚሴ፣ ከአባቷ ጎን ቅበሩኝ ብላ ነበር።

«ተማሪ አይቅር የሚለው ሕግ የራሷ አይደል እንዴ?» አለች አንዷ ጎረቤት ቀስ ብላ።

«ለሷ ለራሷማ አንድ ቀን ቢታለፍ ምን አለበት» አለች ሌላዋ። «ሰው ምን ይለናል? የዓዲላ ለቅሶ ውሃ አጣ ይባል?»

ዘይና ያንን «ጥሪልኝ» የሚል ድምፅ ታውቀዋለች። ከሃያ አንድ ዓመት በፊት የተጠራችው እሷ ነበረች።

ያኔ የሞቱት የዓዲላ አባት ነበሩ። ባሏ ሥልጣን ከያዙ ስድስት ወራቸው ስለነበር ከሚሴ በመኪና ተጥለቀለቀች። ለቅሶ ሲሆን የሠፈሩ ሴት ተማሪዎች ከትምህርት ቀርተው ውሃ ይቀዳሉ፤ ማንም እንደ ጥፋት አይቆጥረውም፣ ጨዋነት ነው። ዘይና አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ከውሃ ቦኖው እስከ ድንኳኑ ተመላለሰች። የስምንተኛ ክፍል ፈተና በነዚያው ቀናት አለፈ። አባቷ «ለከርሞ ትወስጃለሽ» አሏት። ለከርሞ ተዳረች።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዓዲላ ለዚያራ፣ ዘመድ ልትጠይቅ መጥታ በር ላይ አገኘቻት። «ዘይኑ፣ ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?»

ዘይና እየሳቀች ነገረቻት። እንደ ቀልድ ነበር የነገረቻት።

ዓዲላ አልሳቀችም። «በአባቴ ለቅሶ?»

«አዎ እቴ። ሃምሳ ጀሪካን ሳልቀዳ አልቀረሁም።»

ዓዲላ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ከዚያ ውሃ እኔም ጠጥቻለሁ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ያላንኳኳችው የቅሬ ደጅ የለም። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የሚቀብረውም የሚያበላውም ቅሬ፣ የሠፈሩ እድር ነው፤ የቅሬ ሕግ ካልተለወጠ ምንም አይለወጥም። በአዳራሽ መድረክ ላይ የምትናገረውን ሬዲዮ ያሰማው ነበር። በየቅሬው ግን ሰሌን ላይ ተቀምጣ ነው የለመነችው። «አንዲት ልጅ ነበረች» ብላ ትጀምራለች፤ የልጅቷን ስም ግን አንድም ቀን አልጠራችም።

የሰንበቴ ቅሬ ዳኛ፣ «ተማሪዎቹ ካልቀዱ ማን ሊቀዳ ነው?» አሏት።

«እኔ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። በወሩ ሰንበቴ ላይ ሰው ሲሞት፣ የፕሬዚዳንቱ ሚስት ሁለት ጠባቂ አስከትላ፣ እጀታው በአረንጓዴ ጨርቅ የተጠቀለለ ቢጫ ጀሪካን ይዛ ቦኖው ጋ ተሰለፈች። አንዱ ጠባቂ ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ፣ «ተው ልጄ፣ ተራው የኔ ነው፣ የመንግሥት አይደለም» አለችው። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። የዚያን ዕለት ያልሳቁት የቅሬው ዳኛ ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ስብሰባ፣ «ተማሪ ለለቅሶ ከትምህርት አይቀርም» ብለው አስጻፉ። ሌሎቹ ቅሬዎች ለመከተል አራት ዓመት ፈጀባቸው። ባሏ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላም በባጃጅ እየመጣች ተራዋን ትቀዳ ነበር።

«እማዬ።»

ዘይና ዞረች። ኢማን የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ጀሪካን አንጠልጥላ ድንኳኑ በር ላይ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ልቅዳ። ማንም አላስገደደኝም። ለእቴ ዓዲላ ነው።»

«አስቀምጪው።»

«እማዬ፣ እሷ እኮ...»

«እኔም ለሷ አባት ብዬ ነው የቀረሁት» አለች ዘይና፣ ጀሪካኑን ከእጇ እየወሰደች። «ደስ ብሎኝ ነበር የቀረሁት። እንግዳው ሁሉ እኔ የቀዳሁትን ሲጠጣ ኮርቼ ነበር።»

እማማ ፋጡሜ ቀና አሉ። «ምን አልሽ?»

ዘይና ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ያቺ ዓዲላ በየቅሬው የምታወራላት ልጅ... አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ያን ጊዜ የጠራሁሽ እኔ ነበርኩ።»

«ፈተና እንዳለብኝ አላወቁም ነበር።»

አሮጊቷ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ዓዲላ ስለ ልጅቷ ስታወራ ስንት ዓመት ሰምተዋታል፤ አንድም ቀን ጣቷን ወደ እሳቸው አልቀሰረችም። ኢማንን በእጃቸው ጠሯት።

«እርሳስ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«ስንት?»

«ሁለት።»

«ረቢ ሲፍ ሃ ላፊሱ፣ አላህ ያቅልልልሽ። ሩጪ፣ እንዳይዘጉብሽ።» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «እናንተስ ምን ታዩኛላችሁ? ጉልበት ያላት ትነሳ።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነሡ። ዘይና እማማ ፋጡሜ ጓዳ ገብታ የዓዲላን ቢጫ ጀሪካን ከጥግ አወጣች። የእጀታው ጨርቅ መሐሉ ላይ ሳስቷል፤ እጅ የሚያርፍበት ቦታ።

ቦኖው ጋ ሰልፉ ረጅም ነበር። ዘይና የራሷን ጀሪካን አስቀመጠች፤ ከኋላው ቢጫውን አሰለፈች። የትምህርት ቤቱ ደወል ከወደ ላይ ተሰማ። ሦስት ሰዓት።

«ይቺ ባለቤት አላት?» አለች ከኋላ የቆመች የማታውቃት ሴት፣ ቢጫውን በእግሯ እየነካች።

«የእቴ ዓዲላ ናት።»

ሴትየዋ እግሯን ሰበሰበች።

ሰልፉ ፈቀቅ አለ። ዘይና የራሷን ጀሪካን ወደፊት አስጠጋች፤ ከዚያ ተመልሳ ጎንበስ አለችና፣ አረንጓዴውን ጨርቅ ይዛ የዓዲላንም አንድ እርምጃ አስጠጋች።