የፍሬኑ ድምፅ

አለቃው የስብሰባ ክፍሉን በር በእግሩ ገፍቶ ዘጋና ላፕቶፑን ፕሮግራመሩ ፊት አስቀመጠ። "የአውቶቡሶቹ ባለቤት ሴትዮ ደርሰዋል። ይኼን ክፈትልኝ።"

ስክሪኑ ላይ ያለውን ሲያይ ፕሮግራመሩ ክው አለ። ባልደረቦቹ "ጎርጓሪው" ይሉታል፤ ቅዳሜና እሁድ ለመማር ብሎ የማይጀምረው ነገር የለም፣ የሚጨርሰው ግን ጥቂት ነው። ይኼኛው ፕሮግራም የአውቶቡስ ፍሬን ሲጢጥ ሲል ሰምቶ "ደህና ነው" ወይም "ይታይ" እንዲል ያሰበው ነበር። የቤቱ ኮምፒውተር ስለሚንቀራፈፍ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት በቢሮው ሞከረውና ሳያጠፋው ረሳው።

"ይኼ የግሌ ነው፤ ከየት አገኙት?"

"ከቢሮ ኮምፒውተር። እዚያ ያለ ሁሉ የቢሮ ነው።"

"አላለቀም እኮ። ድምፁን ይቀዳል እንጂ አይመረምርም። የሚመረምረውን ክፍል እስክጽፍ ድረስ መልሱን በዕጣ እንዲሰጥ ነው ያደረግኩት። ሳንቲም እንደ መወርወር ነው።"

"ትናንት ጋራዣቸው ሄጄ ሦስት አውቶቡስ ሞክሬበታለሁ። ሦስቱንም ደህና ናቸው አለ፤ ደህናም ናቸው።"

"ዕድል ነዋ!"

"ታስተካክለዋለህ። እስከዚያ አፍህን ዝጋ።" አለቃው ጎንበስ አለ። "ይኼን ሁሉ ጊዜ በመጫወቻዎችህ ስንስቅ ኖረናል። አንዱ እንጀራ ሊያወጣ ሲል ልታበላሽብኝ? ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል። ሚስትህ ደግሞ መውለጃዋ ደርሷል አሉ።"

ጎርጓሪው ሰውየውን ጠላው። ድሮም አይወደውም ነበር፤ አሁን ግን የሸሚዙን ኮሌታ እንኳ ማየት አስጠላው። ከሁሉ የከፋው የተናገረው እውነት መሆኑ ነው። ከዚህ ቢባረር ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ልጁ ይወለዳል። እህቱ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሥራ የምትሄደው በእኚሁ ሴትዮ አውቶቡስ ነው።

የአውቶቡሶቹ ባለቤት ገቡ። አለቃው ወዲያው ፊቱን ፈታ፤ ወንበር ሳበላቸው፣ ውሃ ቀዳላቸው። ሴትዮዋ ጠዋት ከአንዱ አውቶቡስ የቀዱትን ድምፅ ከስልካቸው አሰሙ። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ፤ "ደህና ነው" አለ።

"ጉድ እኮ ነው፣" አሉ ሴትዮዋ። "ሾፌሩ ፍሬኑ አላማረኝም ብሎ ሲነዘንዘኝ ነበር። እንግዲያው ከሰዓት ይውጣ። ፍሬን መርማሪዬንም ከነገ ጀምሮ አሰናብተዋለሁ፤ ደመወዙ ከብዶኛል።"

"ምን ያደርግልዎታል!" አለ አለቃው፤ በጠረጴዛው ሥር የጎርጓሪውን እግር በጫማው ረገጠው።

ጎርጓሪው እግሩን ከጫማው ሥር መነጨቀና ላፕቶፑን ወደ ሴትዮዋ አዞረው።

"እትዬ፣" አለ፣ "ያንኑ ድምፅ እስኪ ይድገሙለት። መልሱ እስኪለወጥ ድረስ ይደጋግሙት።"