የድርቆሹ መጫኛ

ጥቁሯ ላም ዓይኗ ጠፍቶ፣ ጥርሷን እያፋጨች፣ ግድግዳውን በግንባሯ ስትገፋ ሰንብታ ሞተች። የከብት ሐኪሙ በረቱን ዞረና የድርቆሹን ላስቲክ ነፋስ እንዳይገልጠው የተጫነበትን የተሰነጠቀ የመኪና ባትሪ አየ።

«እርሳስ ነው የመረዛት፤ ይህን ስትልስ ከርማለች። የሌሎቹም ወተት እስኪመረመር እንዳይጠጣ» ብሎ ሄደ።

የላሞቹ ባለቤት ወተት ሻጯ የጠዋቱን ወተት ልትደፋ ባልዲውን አነሳች። ባትሪውን እዚያ የጫነው፣ «አንድ ቀን ይጠቅማል» እያለ ምንም የማይጥለው ባሏ፣ ክንዷን ያዘ።

«ምን ነካሽ? ሌሎቹ እኮ ደህና እያመነዠኩ ነው! ማን ያውቅብናል?»

ንዴቷን ዋጥ አድርጋ አንድ ኩባያ ሞልታ ሰጠችው። «እንካ፣ ልጅህን አጠጣት።»

ትንሿ ልጃቸው «አምጣው አባዬ!» ብላ እጇን ዘረጋች።

ሰውየው ኩባያውን አየ፤ ልጁን አየ። ኩባያውን ደፍቶ ባልዲውንም ሊደፋ ራሱ ተሸከመ። አንድ ቀን ይጠቅማል አላለም።