የኦቦ ገርባ ጀርባ

ደክሞኛል። ሰበታ ላይ የሱቅ ታፔላ የምጽፈውም፣ ከዓለም ገና እስከ ተፍኪ የመቃብር ሐውልት የምስለውም እኔው ነኝ። እኛ ጋ ለሞተ ወንድ ሐውልቱ ላይ ፈረስ ይሳልለታል፤ ዕድሜውን ሙሉ በባጃጅ ሲሄድ የኖረ ቢሆንም። ስንት ዓመት ያንኑ ፈረስ፣ ያንኑ ጦር፣ እውነቱን ለመናገር ያንኑ ፊት ስስል ኖርኩ። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

አዴ ደጊቱን ግን ቅር አላቸው። ባላቸው ኦቦ ገርባ ዓለም ገና ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሐውልታቸውን ጨርሼ እጄን ስታጠብ መጥተው አዩት።

«ይሄ ማነው?»

«ኦቦ ገርባ ናቸዋ።»

«ይሄማ እዚያ የተቀበረው ሰውዬ ነው» ብለው ጎረቤቱን ሐውልት አሳዩኝ። እሱም የእኔው ሥራ ነው። «ገርባ ደግሞ ፈረስ ይፈራ ነበር።»

ተናደድኩ። ፎቶ ያምጡ አልኳቸው። ያለቻቸው የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ናት፤ አፍጥጦ የደነገጠ ሰው።

«ባሌን እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም» አሉ። «መልኩ እየጠፋብኝ ነው፣ ልጄ። ዓይኔን ጨፍኜ ብፈልገው አይመጣልኝም።» አለቀሱ። አፈርኩ።

«ታዲያ ምናቸው ይመጣልዎታል?»

«ጀርባው። ምሳ ይዤለት ስሄድ ሁሌ የስፌት መኪናው ላይ እንዳጎነበሰ ነው። ስጠራው ‹ይቺን ልጨርስ› ይላል እንጂ አይዞርም።»

ቀለም የሚሸጥልኝ ዲኖ ነገሩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «እኛ ሙስሊሞቹ መቃብር ላይ ሥዕል አናደርግም። ግን አባቴ ራስጌ ያቆምኳትን ድንጋይ ከስንቱ ድንጋይ መሐል አውቃታለሁ። ሰው ሁሉ የሞተበት እንዳይጠፋበት ነው የሚለፋው።»

ፈረሱን በነጭ ሸፈንኩት። ጎበጥ ያለ ጀርባ፣ ዝቅ ያለ ግራ ትከሻ፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ሜትር፤ አዴ ደጊቱ እያረሙኝ ሳልኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ ለሥራዬ ተጨነቅኩ።

ወሬው ለሟች ታላቅ ወንድም ለኦቦ ጉታ ደረሰ። ሰው በገዛ መቃብሩ እንግዳ ሲመጣ ጀርባውን ይሰጣል? ብለው ኖራ በባልዲ በጥብጠው ከች አሉ። «አካም ቡልተኒ» ብዬ ሰላም ብላቸው ቀጥ ብለው ወደ ሐውልቱ አመሩ። አዴ ደጊቱ ሐውልቱ ፊት ቆሙ።

«እባክዎ፣ ገና ማግኘቴ ነው።»

ሽማግሌው ገፋ አድርገዋቸው አለፉና ብሩሹን ነከሩ። ቀና ሲሉ ሥዕሉን አዩት። እጃቸው እንደተነሣ ቀረ፤ ኖራው ጫማቸው ላይ ይንጠባጠባል።

«ያ ገርባ!» ብለው ተጣሩ፣ ሱቁ በር ላይ እንደቆመ ሰው። ጥቂት ጠበቁ።

«አይዞርም እኮ» አሉ አዴ ደጊቱ ቀስ ብለው።

ኦቦ ጉታ ባልዲውን አስቀምጠው ሳሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«አውቃለሁ» አሉ። «እስኪጨርስ እንጠብቀው።»